የታጠበ መኪና ማድረቂያ ማይክሮፋይበር ፎጣ እንዴት ይመረጣል?

ጠቆር ያለ መኪና ፀሐይ ላይ ሲቆም ኮፈኑ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ክብ ክብ ሠርተው የሚታዩ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ። ከመንገድ የመጡ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አብዛኞቹ ግን የሚፈጠሩት መኪናው ሲታጠብና ሲደርቅ ነው። የቀለሙ የላይኛው መከላከያ፣ ክሊር የሚባለው፣ በፋብሪካ ቀለም ላይ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢደርስ ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት አይበልጥም። አቧራ ውስጥ ያለች የአሸዋ ቅንጣት ደግሞ ከዚህ ሽፋን በብዙ ትጠነክራለች። ፎጣው ላይ ወይም ላሜራው ላይ አንዲት ቅንጣት ቀርታ እጅ ከላይ ከተጫናት መፋቋ አይቀርም።

ስለዚህ ፎጣ ሲመረጥ «ስንት ውሃ ይይዛል?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። «ሳልጫንና ሳልፈትግ ውሃውን ያነሳልኛል ወይ?» የሚለው ይቀድማል። ከዚህ በታች ያለው ስለ ክር፣ ስለ ክብደት፣ ስለ ሽመናና ስለ ጠርዝ የሚነገረው ሁሉ የሚመዘነው በዚህ ጥያቄ ነው። የመታጠቢያ ቤት የጥጥ ፎጣና አሮጌ ካናቴራ ፈተናውን ሳይጀምሩ ይወድቃሉ። ጥጥ ውሃ ይይዛል፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ ስለሚጠጣ ደጋግሞ መፈተግን ይጠይቃል።

ክሩ

ማይክሮፋይበር የሚባለው ከ1 ዴኒየር የሳሳ ክር ነው። ዴኒየር 9000 ሜትር ርዝመት ያለው ክር በግራም ሲመዘን የሚገኘው ቁጥር ነው። እንግዲህ 9 ኪሎ ሜትር የሚሆን የማይክሮፋይበር ክር ሚዛን ላይ ቢቀመጥ 1 ግራም እንኳ አይሞላም ማለት ነው።

ለማድረቂያ የሚሆነው ክር የሚሠራው ከፖሊስተርና ከፖሊአማይድ ነው፤ ፖሊአማይድ ናይሎን የምንለው ዘር ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ተፈትለው ከወጡ በኋላ በኬሚካል ወይም በኃይለኛ ውሃ እንዲሰነጠቁ ይደረጋል፤ ክሩም እንደ ተላጠ ብርቱካን ክፋይ ክፋይ ይሆናል። ውሃውን ስበው የሚያስገቡት በክፋዮቹ መካከል ያሉት ጠባብ ክፍተቶች ናቸው። ፖሊስተሩ ለጨርቁ ቅርጽና ጥንካሬ ይሰጠዋል፤ ፖሊአማይዱ ደግሞ ከፖሊስተር ይልቅ ውሃ ይወዳል፣ ለስላሳነትም ይጨምራል።

መለያ ወረቀቱ ላይ 80/20 ወይም 70/30 የሚል ቁጥር ካለ ይህንኑ ድርሻ ነው የሚናገረው፤ የፊተኛው ፖሊስተር፣ የኋለኛው ፖሊአማይድ። ሁለቱም ለማድረቂያ ጥሩ ናቸው። 70/30 ትንሽ ለስለስ ይላል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። 80/20 ሆኖ በደንብ የተሰነጠቀ ክር ግን 70/30 ሆኖ በደንብ ካልተሰነጠቀ ክር ይበልጣል። «100 ፐርሰንት ፖሊስተር» የሚለውን ለጎማና ለቸርኬ መጥረጊያ ይተዉት።

መሰንጠቁን ደግሞ ወረቀት አይነግርዎትም፤ እጅዎ ይነግርዎታል። ደረቅ መዳፍዎን ፎጣው ላይ ቀስ አድርገው ያንሸራቱ። በደንብ የተሰነጠቀ ክር በቆዳው ሻካራ ቦታዎች ላይ መንጠልጠል ይወዳል፤ አንዳንድ ሰው ስሜቱን አይወደውም፣ የጥራት ምልክት ግን እሱ ነው። እንደ ሐር ሸርተት ብሎ የሚያልፍ ጨርቅ ወይ ክሩ አልተሰነጠቀም፣ ወይ በማለስለሻ ተሸፍኗል። ሁለተኛው ታጥቦ ይስተካከላል፤ የመጀመሪያው አይስተካከልም።

ክብደቱ

የፎጣ ውፍረት የሚገለጸው በጂ.ኤስ.ኤም ነው፤ የ1 ካሬ ሜትር ጨርቅ ክብደት በግራም ማለት ነው። ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ እውነት ስላልሆነ በወጥ ቤት ሚዛን ማረጋገጥ ይሻላል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ክብደቱን በግራም ይመዝኑ፣ ርዝመትና ወርዱን በሜትር ያባዙ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍሉ።

60 በ90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎጣ ስፋቱ 0.54 ካሬ ሜትር ነው። «1200 ጂ.ኤስ.ኤም» ተብሎ ከተሸጠ 650 ግራም አካባቢ መመዘን አለበት። ሚዛኑ 430 ግራም ካለ ትክክለኛው ቁጥር ወደ 800 ነው፤ የተቀረው የማሸጊያው ወሬ ነው። ሁለት ድርብ ሆኖ የተሰፋ ፎጣ ላይ የሚገኘው ቁጥር የሁለቱም ንብርብር ድምር መሆኑን ደግሞ ልብ ይበሉ።

ቁጥሩ ከፍ ስላለ ብቻ ፎጣው ይሻላል ማለት አይደለም። ከባድ ፎጣ ብዙ ውሃ ይዞ ይቆያል፤ ነገር ግን ሲርስ እጅግ ይከብዳል፣ ለመጭመቅ ያስቸግራል፣ ለመድረቅም ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። 650 ግራም የሚመዝን ፎጣ የክብደቱን 4 እጥፍ ውሃ ቢይዝ 3 ኪሎ ግራም ያልፋል። ይህን በአንድ እጅ ጣሪያ ላይ መጎተት ቀላል አይደለም፤ ጫፉ ተንሸራቶ መሬት ከነካ ደግሞ አደጋው ይጀምራል። በሌላ በኩል ከ300 በታች የሆነ ቀጭን ጨርቅ ግማሽ ኮፈን ሳይጨርስ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ውሃውን ከቦታ ቦታ ይገፋዋል እንጂ አያነሳውም።

ሽመናው

በሽመና ረገድ ገበያ ላይ የሚያጋጥሙት ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው።

የተጠማዘዘ ቀለበት ያለው ፎጣ ላዩ እንደ ቀጫጭን የተገመዱ ገመዶች ስብስብ ነው። በአሁኑ ጊዜ ለትልልቅ የላሜራ ክፍሎች ከሁሉ የሚመረጠው እሱ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቀለበት ዙሪያውን ሁሉ ለውሃ ክፍት ስለሆነ ውሃው ወደ ውስጥ የሚገባበት መንገድ ብዙ ነው። ዘርግተው ቀስ ብለው ሲጎትቱት ከኋላው ደረቅ ላሜራ ይተዋል። ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 1400 ጂ.ኤስ.ኤም ይገኛል፤ ለአብዛኛው ሰው ከ800 እስከ 1200 ያለው በቂና ምቹ ነው። ድክመቱ ቀለበቱ በሌላ ነገር ተይዞ ሊመዘዝ የሚችል መሆኑ ነው። የታርጋ ጠርዝ፣ የመኪናው ስም የተጻፈበት ፊደል፣ የዝናብ መጥረጊያው ክንድ፣ የአንቴና ግርጌ ሁሉ ይመዙታል። የተመዘዘ ቀለበት ካዩ አይጎትቱት፤ በመቀስ ከሥሩ ይቁረጡት። አንዱ ቀለበት ቢጎድል ፎጣውን አይጎዳውም፤ ከተጎተተ ግን መስመሩ በሙሉ ይተረተራል።

ባለ ጉድጓድ ሽመና ማለትም አራት ማዕዘን ጉድጓዶች ያሉት፣ የማር እንጀራ የሚመስለው ጨርቅ፣ ከ300 እስከ 500 ጂ.ኤስ.ኤም ባለው ውስጥ ይገኛል። ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ሲጨመቅ ውሃውን ወዲያው ይለቃል፣ መስታወት ላይ ደግሞ ጭረት መሳይ የውሃ መስመር አይተውም። ጸጉር ስለሌለው ግን ትቢያ ቢያጋጥመው ወደ ውስጥ የሚሰበስብበት ጥልቀት አነስተኛ ነው። መኪናው በደንብ ታጥቦ ከሆነ ችግር የለውም፤ ጥድፊያ እጥበት ከሆነ ላሜራው ላይ አይጠቀሙበት። ይህን ጨርቅ ለመስታወት አንድ መያዝ ተገቢ ነው።

ረጅም ጸጉር ያለው ለስላሳ ፎጣ ለቀለም ከሁሉ የዋህ ነው። ከ400 እስከ 600 ያለው፣ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነው፣ ትልቁ ፎጣ ካለፈ በኋላ የሚቀረውን ጠብታ ለማንሳት እጅግ ይመቻል። ትልቁን ውሃ ለማንሳት ግን ይዘገያል፤ ጸጉሩ ሲርስ ይተኛና ላሜራው ላይ ይጣበቃል፤ መጎተቱም ከባድ ይሆናል።

ከማይክሮፋይበር ውጭ ያለውን የተለፋ የቆዳ ጨርቅና እሱን ለመምሰል የተሠራውን ስፖንጅ መሳይ ሰው ሠራሽ ጨርቅ በተመለከተ፦ ውሃ ያነሳሉ፣ ግን ላያቸው ልሙጥ ነው። ትቢያ ሲያጋጥማቸው በጨርቁና በቀለሙ መካከል ይዘውት ይሄዳሉ። የጎማ ምላጭ ያለው የውሃ መግፊያም እንዲሁ ነው። መስታወት ላይ ይጠቀሙበት፤ ቀለም ላይ አይጠቀሙበት።

መጠን፣ ጠርዝና መለያ

ለአነስተኛ የቤት መኪና አንድ 60 በ90 ሴንቲ ሜትር የተጠማዘዘ ቀለበት ያለው ፎጣ ይበቃል። ለትልቅ ጂፕ፣ ለፒካፕ ወይም ለሚኒባስ ሁለት ያስፈልጋል። ከ70 በ100 በላይ የሆነውን ትልቅ ፎጣ ያለ ልምድ መያዝ አይመከርም፤ አንዱ ጠርዙ ከእይታ ውጭ ሆኖ መሬት ይነካል። በተጨማሪ ለማጠናቀቂያ ሁለት ባለ 40 በ40 ለስላሳ ፎጣ፣ ለመስታወት አንድ ባለ ጉድጓድ ጨርቅ፣ ለበር ክፈፍና ለታችኛው ክፍል ሁለት ተራ ጨርቅ፣ ለቸርኬ ደግሞ አንድ ለብቻው። ቀለማቸውን ይለያዩ። የቸርኬው ጨርቅ የፍሬን ሸራ ብናኝ የሚጠራቀምበት ስለሆነ ወደ ላሜራ መመለስ የለበትም፤ ለእሱ ጥቁር ወይም ግራጫ ይስጡት። ለቀለም የሚያገለግለው ፈካ ያለ ቢሆን ይሻላል፤ ፈካ ያለ ፎጣ ላይ ቆሻሻ ወዲያው ስለሚታይ ያስጠነቅቅዎታል።

ጠርዙን በጣትዎ ይመርምሩ። በናይሎን ክር ጠበቅ ተደርጎ የተሰፋ ጠርዝ ደርቆ ይሻክራል፤ ፎጣው የቱንም ያህል ለስላሳ ቢሆን ጭረት የሚያመጣው እሱ ነው። በለስላሳ የማይክሮፋይበር ጥብጣብ የታጠፈ ጠርዝ ጥሩ ነው። በድምፅ ሞገድ ወይም በጨረር ተቆርጦ ጠርዝ አልባ የሆነውም ጥሩ ነው፤ ሆኖም አንዳንዱ ላይ ክሩ የቀለጠበት መስመር ደረቅ ስለሚሆን መነካካት አለበት። ጠርዙን በጣትዎ ማወቅ ካቃተዎት በከንፈርዎ ይንኩት። ከንፈር ጣት የማያውቀውን ያውቃል።

የተሰፋ መለያ ካለ ከመጀመሪያው እጥበት በፊት ያውጡት። በመቀስ ግማሹን መቁረጥ አይበቃም፤ ስፌቱ ውስጥ የቀረው ጫፍ ከሙሉው መለያ ይልቅ ይወጋል። ስፌቱን አንድ በአንድ ፈትቶ ማውጣት ነው የሚያዋጣው። መለያው በማጣበቂያ ብቻ የተያዘ ፎጣ ቢገኝ ደግሞ ከዚህ ድካም ያሳርፋል።

ከመኪናው በፊት ፎጣውን መፈተሽ

አዲስ ፎጣ በቀጥታ መኪና ላይ አይወጣም። ከፋብሪካ ሲመጣ ብናኝ ክር፣ ትርፍ ቀለምና ማለስለሻ ይዞ ይመጣል፤ ብዙ ሰው «ይሄ ፎጣ ውሃ አይጠጣም» ብሎ የሚጥለው ገና ያልታጠበ ፎጣ ነው። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለብቻው ይጠቡት። ከዚያ ይህን ያድርጉ፦

ልሙጥ መስታወት ወይም ጠረጴዛ ላይ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ አፍስሰው ያሰራጩ። ፎጣውን ዘርግተው ሳይጫኑ በቀስታ አንድ ጊዜ ይጎትቱት። ከኋላው በጥቂት ሰከንድ ራሱ የሚተን ስስ እርጥበት ቢቀር መልካም ነው። ጠብታ ወይም የውሃ መስመር ከቀረ ግን ፎጣው ለመኪና ገና ነው፤ እንደገና ይጠቡት፣ ካልተለወጠ ለሌላ ሥራ ያውሉት።

ለጭረት ደግሞ የማይፈልጉት ሲዲ ካለ የሚያብለጨልጨውን ገጽ በፎጣው ጠርዝና በመሐሉ ለየብቻ ጫን እያሉ 10 ጊዜ ይፈትጉ፤ ከዚያ ብርሃን ስር ያዙሩት። የሲዲው ፕላስቲክ ከመኪና ክሊር ይልቅ በቀላሉ ይጫራል፤ እሱን ያልጫረ ፎጣ መኪናውን አይጭርም ማለት ይቻላል። ፎጣው የራሱን ቀለም ይለቅ እንደሆነ ለማወቅ እርጥቡን ፎጣ በነጭ ጨርቅ ላይ ለ10 ደቂቃ ይጫኑት።

አደራረቁ

ጥሩ ፎጣ መጥፎ አያያዝን አያካክስም። መኪናው ጥላ ውስጥ ይሁን፤ ላሜራውም ሲዳሰስ ቀዝቀዝ ያለ ይሁን። ትኩስ ላሜራ ላይ ውሃው ሳይነሳ ይተናል፤ በውስጡ የነበረው ካልሲየምና ማግኒዚየም ነጭ ክብ ሆኖ ይቀራል። ይህ ነጠብጣብ ፀሐይ ላይ ከቆየ ክሊሩን ሊበላ ይችላል፤ ያኔ ፎጣ አይደለም የሚያስፈልገው፣ ፖሊሽ ነው።

የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ሲያደርጉ የቱቦውን መርጫ ያውጡና ውሃውን በዝግታ ከጣሪያው ጀምረው ያፍስሱት። በኃይል የተረጨ ውሃ በጠብታ ተበታትኖ ይቀራል፤ በዝግታ የፈሰሰ ውሃ ግን እንደ ሸማ ተያይዞ ሲወርድ ብዙውን ይዞ ይሄዳል። ይህ ብቻውን የፎጣውን ሥራ በእጅጉ ያቀላል።

ፎጣውን በውሃ ነከር አድርገው አጥብቀው ይጭመቁት። እርጥበት የቀመሰ ክር ከደረቅ ክር ይልቅ ውሃ ለመሳብ ይፈጥናል። ከዚያ ሁለቱን ጫፍ ይዘው ኮፈኑ ላይ እንደ አንሶላ ዘርግተው ይጣሉት፣ 3 ሰከንድ ያህል ይቆዩ፣ ወደ ራስዎ ቀስ ብለው ይጎትቱ። የሚጫነው የፎጣው የራሱ ክብደት ብቻ ነው። ቀጥ ባለ መስመር ይሂዱ፤ ክብ እየሠሩ መፈተግ ይቅር። ቀጥ ያለ ጭረት ቢፈጠር ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚታየው፤ ክቡ ግን ከየትም ይታያል።

ቅደም ተከተሉ ከላይ ወደ ታች ነው፦ ጣሪያ፣ መስታወት፣ ኮፈን፣ የኋላ ኮፈን፣ ፓራፋንጎና በሮች እስከ ወገባቸው። ከበር ወገብ በታች ያለው ለትልቁ ፎጣ አይሆንም። እዚያ እጥበት ያላስለቀቀው ጭቃ መኖሩ የተለመደ ነው፤ ለዚያ የተመደበውን ጨርቅ ይጠቀሙ፤ እየፈተጉ ሳይሆን እየነካኩ ያንሱ። በጎን በሮች ላይ ፎጣውን አራት አጥፈው በጠፍጣፋ መዳፍ ቀስ አድርገው ያውርዱት፤ የጣት ጫፍ ጫና የሚያከማች ስለሆነ በጣት አይያዙት።

ፎጣው ከኋላው መስመር መተው ሲጀምር ሞልቷል ማለት ነው። ይገልብጡት፤ ያም ከሞላ ይጭመቁት። የሞላ ፎጣ ይዞ «ትንሽ ነው የቀረው» ማለት ነው ብዙ ሰው መጫን የሚጀምርበት ቦታ።

ቀለሙ ሰምም ሆነ ሴራሚክ መከላከያ ከሌለው ውሃው ጠፍጥፎ ይጣበቃል፤ ፎጣውም ይጎትታል። እንዲህ ሲሆን በእያንዳንዱ የላሜራ ክፍል ላይ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለመኪና ማድረቂያ የተሠራ አንሸራታች ፈሳሽ (የልብስ ማለስለሻ አይደለም) ረጨት ማድረግ መንሸራተቱን ያቀላል። ከዚያ በላይ ከተረጨ ግን ደመና መሳይ ቅባት ይቀራል።

ስፖኪዮ፣ የበር እጀታ፣ ታርጋ፣ የኋላ መብራት ጠርዝና የነዳጅ ክዳን ውሃ ደብቀው ያስቀሩና ጨርሰው ሲሄዱ ያንጠባጥባሉ። ስፖኪዮውን አጥፈው ይክፈቱት፣ በሮቹን ከፍተው ዝጉ፣ ከዚያ በትንሹ ፎጣ ጠብታውን ያንሱ። የበር ክፈፉ ቅባት ስላለበት መጨረሻ ላይ፣ በራሱ ጨርቅ።

ፎጣ መሬት ላይ ከወደቀ የዚያን ቀን ሥራው አበቃ። ማራገፍም ሆነ በባልዲ ውሃ ማለቅለቅ አይበቃም፤ ክሩ የተሠራው ቅንጣትን ይዞ እንዲያስቀር ነው፣ ያንን ደግሞ ከመሬቱም ላይ ያደርገዋል። ተጠባባቂ ፎጣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እጥበትና አቀማመጥ

ማይክሮፋይበር ከጥጥ ጋር አይታጠብም፤ የጥጡን ብናኝ ሰብስቦ መኪናው ላይ ያራግፈዋል። ውሃው ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሳሙናው ፈሳሽ፣ መጠኑም ለልብስ ከሚደረገው ግማሽ ይሁን። የዱቄት ሳሙና ያልሟሟ ፍሬ ክሩ ውስጥ ሊያስቀር ይችላል። ማሽን ከሌለ ለብ ባለ ሳሙና ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ዘፍዝፈው በመዳፍ እየጨመቁ ይጠቡት፤ አረፋ እስኪጠፋ ያለቅልቁት። ፎጣ ታጥቦ ሳለ መኪናው ላይ ጭጋግ የሚተው ከሆነ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሳይለቀለቅ የቀረ ሳሙና ነው።

የልብስ ማለስለሻ ፈጽሞ አይነካውም። ማለስለሻው ክሩን በቅባት መሳይ ነገር ስለሚለብጠው ክፍተቶቹ ይደፈናሉ፤ ለስላሳ ሆኖ ውሃ የማይጠጣ ፎጣ ይሆናል። በረኪና ፖሊአማይዱን ይጎዳል። ደርቆ የሻከረ ፎጣ ብዙውን ጊዜ የውሃ ማዕድንና የሳሙና ቅሪት የያዘ ነው፤ በማለቅለቂያው ውሃ ላይ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ነጭ ኮምጣጤ መጨመር ያላቅቀዋል። ኮምጣጤና በረኪና ግን በአንድ ዕቃ ውስጥ አይገናኙ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣሉ።

ካውያ የተከለከለ ነው። በማሽን ሲያደርቁ ዝቅተኛውን ሙቀት ይምረጡ። ቀጭኑ የክር ጫፍ ከመቅለጡ አስቀድሞ በሙቀት ይኮማተራል፤ የተኮማተረ ጫፍ ደግሞ እንደ ሽቦ ብሩሽ ነው፣ መመለሻም የለውም። በገመድ ላይ፣ አቧራ በማይነሳበት ቦታ ማድረቅ ከሁሉ ይሻላል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይታጠፍ፤ ሲደርቅ ክዳን ባለው ዕቃ ወይም በተዘጋ ከረጢት ውስጥ ይቀመጥ። የመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ ወለል ላይ የተጣለ ፎጣ እንደ ወደቀ ፎጣ ነው የሚቆጠረው።

በወር አንድ ጊዜ ያህል ንጹሑን ፎጣ በመዳፍና በከንፈር ይፈትሹት። የሻከረ፣ ጸጉሩ የተኛ፣ ጠርዙ የደረቀ ወይም የማይለቅ ቅባት የያዘ ከሆነ ከላሜራ ወደ በር ክፈፍ ይውረድ፤ ከዚያ ወደ ቸርኬ፤ ከቸርኬ ወደ ሞተር ክፍል። ወደ ላይ የሚመለስ ፎጣ ግን አይኑር።